ከንግሥቲቱ ጓዳ እስከ አውሮፕላኑ መተላለፊያ

በማድሪዱ ፕራዶ ሙዚየም፣ ቬላስኬዝ በ1656 እ.ኤ.አ. በሣለው «ላስ ሜኒናስ» ውስጥ አንዲት ወጣት በትንሿ ልዕልት ፊት በርከክ ብላ በትሪ ላይ ትንሽ ቀይ የሸክላ ዕቃ ታቀርባለች። የወጣቷ ማዕረግ ሜኒና ነው። በስፔን ቤተ መንግሥት ግን አሳፋታ የምትባል ሌላ ባለሟልም ነበረች፤ ንግሥቲቱ የምትለብሰውን ልብስና የምታደርገውን ጌጥ ታቀርባለች፣ ስታወልቅም ተቀብላ ታስቀምጣለች።

አሳፋታ ስሟን ያገኘችው እነዚህን ከምታቀርብበት ትሪ መሰል ዕቃ ነው። ጠርዙ ዝቅ ያለው ያ ዕቃ አሳፋቴ ይባላል፤ ሥሩም የዐረብኛው «ሰፈጥ» ነው፣ እኛ ሙዳይ እንደምንለው ያለ ሽቶና ጌጥ የሚቀመጥበት ቅርጫት። ፊት ላይ ያለችው «አ» የዐረብኛው «አል» ቅሪት ናት። ስፔኖች ዘይትን «አሴይቴ»፣ ስኳርን «አሱካር» የሚሉትም ሙስሊሞች ስፔንን ከገዙበት ከአንዳሉስ ዘመን በወረሱት ቃል ነው።

ማዕረጉ ከቤተ መንግሥት ጋር አብሮ ደበዘዘ። የመለሰው አውሮፕላን ነው።

በአሜሪካ ነርሷ ኤለን ቸርች በግንቦት 1930 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋ ሴት የበረራ አስተናጋጅ ሆና ነበር። የስፔኑ አየር መንገድ ኢቤሪያ ደግሞ በመስከረም 1946 እ.ኤ.አ. ከማድሪድ ቦነስ አይረስ መብረር ሲጀምር ወጣት ሴቶችን ቀጠረ። መጠሪያ ሲፈለግላቸው ያ የተረሳ የቤተ መንግሥት ቃል ወጣ። ያማረ ምርጫ ነበር፤ ለአዲሱ ሙያ በአንድ ጊዜ ክብር አለበሰው። ግን ትሪውንም አብሮ አሸከመው። ሙያው ደግሞ ትሪ ማቅረብ ብቻ አይደለም። አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ለበረራ ፈቃድ ሲፈተን፣ ግማሾቹ በሮች ተዘግተው ሳለ ተሳፋሪው ሁሉ በ90 ሴኮንድ መውጣት አለበት። በእውነተኛ አደጋ ያንን በር የምትከፍተው፣ «ዝለሉ!» ብላ የምትጮኸው አሳፋታዋ ናት፤ ይህን ሥራዋን ስሟ አይናገርም።

ዛሬ በስፔን መደበኛው አጠራር «የካቢን ሠራተኛ» የሚል ነው፤ ለወንዱም አሳፋቶ የሚለው በመዝገበ ቃላት ገብቷል። አሳፋታ ከአውሮፕላን ወርዶ በጉባኤና በኤግዚቢሽን እንግዳ የምትቀበለውንም ይጠራል። ሜክሲኮ በመርከብ የጭነት ኃላፊ ስም «ሶብሬካርጎ» ስትል፣ ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች «አኤሮሞሳ»፣ የአየር ኮረዳ እንደማለት፣ ይላሉ። በፔሩ ቤቶች ደግሞ ቡና የሚቀርብበት ትሪ እስከ ዛሬ ስሙ አሳፋቴ ነው።