የኅዳር በሽታና የኔስካንታጋ ውሃ



ኅዳር 12 ቀን ሲደርስ አዲስ አበባ በጭስ ትታፈናለች። ጥራጊው ከየደጁ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። የዚህ ልማድ መነሻ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የገባው ወረርሽኝ ነው። ፈረንጆች የስፔን ኢንፍሉዌንዛ ይሉታል፣ እኛ የኅዳር በሽታ። በዋና ከተማችን ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ቀባሪ ጠፋ፤ አቅም ያለው ከተማውን ጥሎ ሸሸ፣ የሌለው ቤቱን ዘግቶ ጠበቀ።

በዚያው ሰሞን፣ ማለትም በ1918 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን የምጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው)፣ ሃርመኒ የምትባል የሞራቪያ ሚስዮን መርከብ ስንቅና ዕቃ ጭና ወደ ላብራዶር ጠረፍ መጣች። ከዕቃው ጋር በሽታው ወረደ። ኦካክ የምትባለው የኢኑዊት መንደር ከ260 ከሚበልጡ ነዋሪዎቿ 200 ያህሉን አጣች። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አዋቂ ወንድ አልቀረባትም ማለት ይቻላል። የተረፉት በማግሥቱ ዓመት ቤቶቹን አቃጥለው መንደሩን ለቀቁ፤ ኦካክም ዳግመኛ መንደር አልሆነችም። በአንድ ሰሞን ሁለት እሳት ነደደ፣ አንዱ በእኛ ዘንድ፣ አንዱ ዛሬ ካናዳ በምንለው ምድር። ይህን ሁለተኛውን እዚህ ከምንኖረው ሐበሾች ስንቱ ሰምቶታል?

ወረርሽኝ ሁሉን እኩል ይመታል የሚባለው ትክክል አይደለም። ንጹሕ ውሃ የሌለው፣ በአንድ ክፍል አሥር ሆኖ የሚያድር፣ ሐኪም ለማግኘት አውሮፕላን የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ ይመታል። በ2009 የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ሲነሣ በሰሜን ማኒቶባ ያሉ የነባር ሕዝቦች መንደሮች ክፉኛ ተጎዱ። ለመጪው ዙር መድኃኒትና የመከላከያ ዕቃ ሲጠባበቁ፣ ከፌዴራሉ መንግሥት በተላከላቸው ጭነት ውስጥ በርከት ያለ የአስከሬን ከረጢት አገኙ። መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ። የመንደሮቹ ሽማግሌዎች ግን መልእክቱን ገና ከረጢቱን ሲያዩ ተረድተውታል።

ኮቪድ ሲመጣ እኛም ከደጁ አልራቅንም። በማርች 2020 መጨረሻ ኦንታሪዮ ቀብር ላይ ከ10 ሰው በላይ እንዳይገኝ ከለከለች። ለቅሶ በስልክ ሆነ፤ እድር ገንዘቡን አዋጣ እንጂ ድንኳን መጣል፣ ሐዘንተኛን ከብቦ ማደር አልቻለም። በዚያ ክረምት ቤት መዋል ያልቻለው ማን እንደ ነበር እናውቃለን፤ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው እኅታችን፣ ታክሲና አውቶቡስ የሚነዳው፣ መጋዘን የሚያድረው ወንድማችን ናቸው። የቶሮንቶ ከተማ በጁላይ 2020 ባወጣው አኃዝ መሠረት በበሽታው ከተያዙት 83 በመቶው ነጭ ያልሆኑ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ከከተማው ሕዝብ ግን 52 በመቶ ብቻ ናቸው።

የቶሮንቶ ነባር ሕዝቦች ደግሞ መጀመሪያውኑ በወጉ አልተቆጠሩም። ከወረርሽኙ በፊት የተደረገ ጥናት ቁጥራቸው በሕዝብ ቆጠራው ከተጻፈው ከ2 እስከ 4 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። ያልተቆጠረ ሰው ክትባትም አልጋም አይመደብለትም። ስለዚህ በኦክቶበር 2020 የነባር ሕዝቦች አዋላጆች፣ ለቤት አልባ ወገኖቻቸው መጠለያ የሚያስተዳድሩ ሰዎችና ተመራማሪዎች ሆነው የራሳቸውን የምርመራ ጣቢያ ከፈቱ። አውዱዤ ሚኖ ኔሰዊኖንግ አሉት፤ ጤናማ መተንፈሻ ቦታ ማለት ነው። ቀድሞ በተቋም ተንገላቶ ሐኪም ቤት መግባት የሚፈራው ሰው ወደ ወገኖቹ መጣ። የእድርን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደ ሠራ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ ሰሜን እንሂድ። ኔስካንታጋ ከተንደር ቤይ በስተ ሰሜን 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአታዋፒስካት ሐይቅ ዳር ያለች፣ በአውሮፕላን ብቻ የሚደረስባት፣ 300 ያህል ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 1995 ጀምሮ «ውሃውን ሳታፈሉ አትጠጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ አለባት። ማጣሪያው የተሠራው በ1993 ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው መታመኛነቱን አጣ። በኦክቶበር 2020፣ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለው ትእዛዝ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን በማይጠፋበት ጊዜ፣ በውሃ ማጠራቀሚያው ላይ ዘይት የመሰለ ነገር ተንሳፎ ታየና ውሃው ጨርሶ ተዘጋ። እጅ መታጠቢያም መጸዳጃም የለም። ሕዝቡ በአውሮፕላን ተጭኖ ተንደር ቤይ ሆቴል ገባ። በሽታው ሁለተኛውን ዙር በሚዘምትበት ወቅት፣ ከተዘጋና ከተጠበቀ መንደር ወጥቶ ወደ ከተማ። ሁለት ወር ያህል እዚያው ቆዩ። ከዓመት በፊትም፣ በ2019፣ ፓምፑ ተበላሽቶ እንዲሁ ተሰደው ነበር።

የመንደሩ አለቃ ክሪስ ሙኒያስ በየቀኑ ለጋዜጠኛ የሚደግሙት ጥያቄ አዲስ አልነበረም። በመንደሩ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ወጣት ከቧንቧ ቀድቶ ጠጥቶ አያውቅም ነበር። እኛ ለቀያችን ምንጭ ለማጎልበት እራት አዘጋጅተን፣ ሎተሪ ሸጠን ገንዘብ የምንሰበስብ ሰዎች ነን፤ ግብር የምንከፍልበት ክፍለ ሀገር ውስጥ ይህ መኖሩ ሊቆረቁረን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ያም ሆኖ ኔስካንታጋ ችሎት መሄድን መረጠች። ከከርቭ ሌክና ከማኒቶባዋ ታታስክዌያክ ጋር ሆና ባቀረበችው የጋራ ክስ መንግሥት 8 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ፈረመ፤ ፍርድ ቤትም በ2021 መጨረሻ አጸደቀው።

ግራሲ ናሮውስ የሚባሉት አኒሺናቤዎች ነገር ከዚህ ይከፋል። በ1873 ሦስተኛውን ውል ሲፈርሙ ማደናቸውና ማጥመዳቸው እንደሚጠበቅላቸው ተነግሯቸው ነበር። ከ1962 እስከ 1970 በድራይደን ከተማ ያለ የወረቀት ፋብሪካ ኬሚካል ክፍል 9 ቶን ያህል ሜርኩሪ፣ በእኛ አጠራር ባዜቃ፣ ወደ ዋቢጉን ወንዝ ለቀቀ። ባዜቃው ዓሣው ሥጋ ውስጥ ገባ፣ ዓሣው ደግሞ የሕዝቡ እንጀራ ነበር። በ1970 ለገበያ ማጥመድ ሲከለከል ምግቡም ሥራውም በአንድ ቀን ተዘጋ። በ1975 የሚናማታን በሽታ ያጠኑት ጃፓናዊው ሐኪም ማሳዙሚ ሃራዳ መጥተው መረመሯቸው፤ የጃፓን ተመራማሪዎች በኋላ ባወጡት ዘገባም ከሕዝቡ 90 በመቶ ያህሉ የመመረዝ ምልክት እንዳለበት ገለጹ። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ይጠባል፣ እግር ይከዳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ የሕክምና ማእከል የሚሠራበት 19.5 ሚሊዮን ዶላር የተፈረመላቸው በኤፕሪል 2020፣ አገሩ ሁሉ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ሳምንት ነው። ወንዙ ከተመረዘ ሃምሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። አለቃቸው ሩዲ ተርትል ብዕሩን ሲያነሡ ከፈራሚዎቹ ወላጆች ብዙዎቹ በሕይወት አልነበሩም። በማግሥቱ ዓመት ሌላ 68.9 ሚሊዮን ተጨመረ።

ለእኛ ይህ ባዕድ ታሪክ አይደለም። የአቃቂን ወንዝ ያየ ሰው ፋብሪካ ውሃን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በሻኪሶ አካባቢ የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ በ2018 የታገደውም የአካባቢው ሕዝብ ስለ ልጆቹና ስለ ከብቶቹ ጤና አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። የአካባቢ ፍትሕ የሚባለው ነገር፣ ስሙ ከውጭ ቢመጣም፣ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ትርፉ ወደ አንዱ ሄዶ ዝቃጩ በሌላው ማጀት እንዳይቀር።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰው ሁሉ ቤቱ በተቀመጠበት በኤፕሪል 2020 የኦንታሪዮ መንግሥት በአካባቢ ጉዳይ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥ የሚያስገድደውን ሕግ ለጊዜው አገደ፤ እስከ ጁን አጋማሽ አልተመለሰም። በጁላይ ደግሞ የአካባቢ ግምገማ ሕጉን በአንድ ጥቅል ረቂቅ ለወጠ። ከኔስካንታጋ ብዙም በማይርቀው፣ የእሳት ቀለበት በሚባለው የማዕድን ምድር ላይ ዓይኑን የጣለ ሁሉ ይህን ዜና በጥሞና አንብቦታል።

መተጋገዝን በተመለከተ ግን የሚያጽናና ታሪክም አለ። በ1847 ከምድራቸው ተነቅለው በግድ የተጋዙት ቾክታዎች፣ ቁስላቸው ሳይሽር፣ በረኃብ ለሚያልቁት አየርላንዳውያን 170 ዶላር ልከው ነበር። በ2020 ኮቪድ ናቫሆዎችንና ሆፒዎችን ሲጎዳ አየርላንዳውያን «የቾክታዎች ውለታ አለብን» እያሉ በብዙ ሺህ ሆነው አዋጡ። ብድሩ ለሌላ ሕዝብ፣ ከ173 ዓመት በኋላ ተከፈለ። እኛም ባለዕዳዎች ነን። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ካናዳውያን እስከ ኪሳቸው ጥግ ሰጥተዋል፤ ታዋቂ ዘፋኞቻቸው በፌብሩዋሪ 1985 ለእርዳታው ዘፈን የቀረጹት እዚሁ ቶሮንቶ ነው።

ዳንፎርዝ ላይ ቡና የምንጠጣበት ምድር የማን ነው ለሚል ጥያቄ መልሱ በመዝገብ አለ። በ1787 የእንግሊዝ ሹማምንት ከሚሲሳጋዎች መሬት ገዛን አሉ፤ የሽያጩ ወረቀት ላይ ግን የመሬቱ ወሰን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። በ1805 ከ250 ሺህ ኤከር በላይ ያለውን መሬት በ10 ሺሊንግ አጸደቁት። በ2010 ለክሬዲት ሚሲሳጋዎች 145 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ ጉዳዩ ተዘጋ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አንድ ወረቀት ይዞ መከራከር ምን እንደሆነ፣ የርስት ሙግት ያየ የአገራችን ሽማግሌ ይረዳዋል።

የግራሲ ናሮውስ ሰዎች በየሁለትና ሦስት ዓመቱ በመኪና ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ቶሮንቶ ይመጣሉ፤ ሰማያዊ ጨርቅ እንደ ወንዝ ዘርግተው ወደ ክዊንስ ፓርክ ይሄዳሉ። በሴፕቴምበር 2024 ሲመጡ ከኋላቸው በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ነበር። በኔስካንታጋ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2025 ማስጠንቀቂያው 30 ዓመት ሞላው፤ ውሃው ያን ቀንም ተፈልቶ ተጠጣ።