ኪውሬተር፦ መርጦ አቅራቢ

ኪውሬተር የሚባለውን ሰው አብዛኞቻችን የምናውቀው ከሙዚየምና ከሥዕል ጋለሪ ነው። ለኤግዚቢሽን የሚሆኑ ሥራዎችን ለይቶ፣ ቅደም ተከተላቸውን ወስኖ ለተመልካች የሚያቀርብ ባለሙያ ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ሥራቸውን በኢንተርኔት በሚያጋሩ ሰዎች ዘንድም የተለመደ ሆኗል፤ እዚያ ኪውሬተሩ የ12 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ «መርጦ አቅራቢ» ቢባል ይስማማል። «መራጭ» ብቻ ካልነው የምርጫ ካርድ የያዘ ሰው ትዝ ይለናል፤ ኪውሬተር ግን የወደደውን በራሱ ስም ለሌሎች የሚያቀርብ እንጂ ድምፅ ሰጥቶ የሚሄድ አይደለም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ስክራች የተባለው የፕሮግራሚንግ ድረ ገጽ ነው። በአሜሪካው ኤምአይቲ ሚዲያ ላብ፣ ሚቸል ሬዝኒክ በሚመሩት ቡድን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ተከፈተ። በዋናነት የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ልጆቹ ባለቀለም የትእዛዝ ብሎኮችን ስክሪን ላይ እየገጣጠሙ ጨዋታና ካርቱን ይሠራሉ፤ የሠሩትንም እዚያው ያጋራሉ። የሚጋራው ሥራ እጅግ ብዙ ነው፤ የፊት ገጹ የሚይዘው ግን ጥቂት ረድፍ ብቻ። ታዲያ እዚያ የሚወጣውን ማን ይወስናል?

አንዱ መንገድ ቆጠራ ነው። ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር ልብ፣ ኮከብ፣ ጥምዝምዝ ምልክትና ዓይን ተደርድረዋል። ልቡ ስንቶች እንደወደዱት፣ ኮከቡ ስንቶች ከተወዳጆቻቸው ዝርዝር እንዳስገቡት፣ ጥምዝምዙ ስንቶች ሥራውን ወስደው የራሳቸውን እንዳከሉበት ማለትም ሪሚክስ እንዳደረጉት፣ ዓይኑ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደታየ ይናገራል። በልብ ብዛትና በሪሚክስ ብዛት የሚሞሉ ረድፎች አሉ። ነገር ግን ቁጥር ቁጥርን ይስባል። ብዙ ተከታይ ያለው ልጅ ሥራውን እንዳወጣ ልቡ ይጎርፍለታል፤ የፊት ገጽ ላይ ሲወጣ ደግሞ ይጨመርለታል። ትናንት የተመዘገበች ልጅ የቱንም ያህል ብትደክም ሥራዋን የሚያይላት ላይኖር ይችላል። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

መርጦ አቅራቢ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በስክራች አሠራር አንድ አባል ድረ ገጹን በሚያስተዳድረው ቡድን ተመርጦ ከፊት ገጹ አንድ ረድፍ ይሰጠዋል፤ የተጠቃሚ ስሙ ከረድፉ ራስ ላይ ይጻፋል፣ እሱ ያገኛቸው ሥራዎችም ይደረደሩበታል። አምስት ልብ ብቻ ያገኘ ሥራ ማውጣት ይችላል። ሌሎች አባላትም ዝም ብለው አይጠብቁም፤ ቡድኑ ራሱ ለሚያዘጋጀው ረድፍ የሚሆኑ ሥራዎችን ይጠቁማሉ።

የፊት ገጽ ላይ ሳይደርሱም ምርጫው በየስቱዲዮው ይካሄዳል። ስቱዲዮ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተሰበሰቡ ሥራዎች የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ባለቤቱ ሌሎችን በኪውሬተርነት ይጋብዛል፤ ግብዣውን የተቀበለ ሰው ሥራ ማስገባት ይችላል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው፤ ልጁ ይህን ለምን አስገብቶ ያንን እንደተወ ለራሱ መልስ ማግኘት አለበትና። ጎበዝ መርጦ አቅራቢ ሥራውን አጫውቶ ብቻ አያልፍም። የሥራውን ውስጥ ከፍቶ ብሎኮቹ እንዴት እንደተያያዙ ያያል፤ ሪሚክስ ከሆነም የመጀመሪያውን ሥራ አጠገቡ ከፍቶ ምን እንደተጨመረ ያነጻጽራል።

የስክራች ብሎኮች በአማርኛም አሉ። በአማርኛ የተጻፈ ታሪክ ወይም ጨዋታ ግን ከሌላው ዓለም ልጆች ብዙ ልብ ይሰበስባል ተብሎ አይጠበቅም፤ ጽሑፉን አያነቡትምና። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ያለ፣ ቋንቋውን የሚያነብ አባል እንዲህ ያሉ ሥራዎችን በአንድ ስቱዲዮ ቢያሰባስብና ለፊት ገጽ ቢጠቁም፣ በቆጠራ ብቻ ቢሆን ማንም የማያያቸው ልጆች ተመልካች ያገኛሉ።