የንግድ ምሥጢር በፕሮግራመሮች የሥራ ቃለ መጠይቅ

የንግድ ምሥጢር በፕሮግራመሮች የሥራ ቃለ መጠይቅ ሲባል፣ ሥራ አመልካች ስለ ቀድሞ ሥራው ሊናገር የሚችለውን እና በምሥጢር ሊጠብቀው የሚገባውን የሚለይ የሕግና የሙያ ሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። ግንበኛ የሠራውን ቤት ከደጅ ሆኖ ማሳየት ይችላል። ተቀጥሮ የሠራ ፕሮግራመር ግን የጻፈው ኮድ አብዛኛውን ጊዜ የአሠሪው ንብረት ስለሆነ ይዞት ሊወጣ አይችልም። በዚህም ምክንያት ችሎታውን በቃል ማስረዳት ይኖርበታል።

የንግድ ምሥጢር ምንነት

የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት (ትሪፕስ) በአንቀጽ 39 እንደሚደነግገው፣ መረጃ ጥበቃ የሚያገኘው ሦስት ነገሮችን ሲያሟላ ነው፦ በሙያው ባሉ ሰዎች ዘንድ በሰፊው የማይታወቅ፣ ምሥጢር በመሆኑ የንግድ ዋጋ ያለው፣ እንዲሁም ባለቤቱ በምሥጢር ለመያዝ ተገቢውን ጥንቃቄ ያደረገበት ሲሆን ነው። ያልታተመ ኮድ፣ ገበያ ያልወጣ ምርት ዕቅድና የደንበኞች ዝርዝር ሊካተቱ ይችላሉ። የፓይተን ወይም የጃቫ ቋንቋን ማወቅ፣ ስህተትን ፈልጎ የማረም ልምድ እና ለሕዝብ ክፍት የሆነ ኮድ ግን የንግድ ምሥጢር አይደሉም።

ብዙ አሠሪዎች ሠራተኛውን የምሥጢር ጥበቃ ውል ያስፈርማሉ። ውሉ ሠራተኛው ሥራ ከለቀቀ በኋላም ሊጸና ይችላል።

የሠራተኛው ዕውቀት

ሕጎች የአሠሪውን ምሥጢር ሲጠብቁ ሠራተኛው በሙያው እንጀራ የመብላት መብቱን እንዳያጣ ይጠነቀቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የንግድ ምሥጢር መመሪያ፣ ሠራተኛ በሥራው ላይ በቅንነት ያካበተውን ልምድና ችሎታ እንዳይጠቀምበት መከልከል እንደማይቻል ይገልጻል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግም፣ ፍርድ ቤት አንድን ሰው ምሥጢር ስለሚያውቅ ብቻ ሌላ ቦታ እንዳይቀጠር ሊያግደው እንደማይችል ይደነግጋል። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እና ከቀና የንግድ አሠራር ውጭ መረጃን መግለጽ ወይም መጠቀም ተገቢ ካልሆኑ የውድድር ተግባራት ይመደባል።

የዌይሞና የኡበር ክርክር

በሶፍትዌር ሙያ በዚህ ረገድ በሰፊው ከሚታወቁት ጉዳዮች አንዱ የአንቶኒ ሌቫንዳውስኪ ነው። በጉግል ያለ ሾፌር በሚሄዱ መኪኖች ሥራ ላይ የነበረው ይህ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ለቅቆ ኦቶ የተባለ ኩባንያ መሠረተ፤ በዚያው ዓመት ኡበር ኩባንያውን ገዛው። የጉግል እኅት ኩባንያ ዌይሞ በ2017 ኡበርን ሲከስ፣ መሐንዲሱ ከመልቀቁ በፊት ወደ 14,000 የሚጠጉ ፋይሎችን ገልብጧል አለ። ክርክሩ በየካቲት 2018 በስምምነት ሲያበቃ ኡበር በወቅቱ 245 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት አክሲዮን ለዌይሞ ሰጠ። ሌቫንዳውስኪ በ2020 በአንድ የንግድ ምሥጢር ስርቆት ክስ ጥፋቱን አምኖ የ18 ወር እሥራት ተፈረደበት፤ በጥር 2021 ግን ከፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ይቅርታ አገኘ። መሐንዲሱን ለቅጣት ያበቃው ለተፎካካሪ መሥራቱ ወይም በአእምሮው የያዘው ሙያ ሳይሆን የወሰደው ፋይል ነው።

በቃለ መጠይቅ ጊዜ

አመልካቹ ምሥጢር ሳያወጣ ሥራውን ማስረዳት የሚችለው የችግሩን ዓይነት፣ የራሱን ድርሻና የደረሰበትን ትምህርት በመንገር ነው። ለምሳሌ ተጠቃሚ ሲበዛ የሚቆም አገልግሎት እንደነበረ፣ መዘግየቱ ከመረጃ ቋቱ እንደመጣ ለክቶ እንዳረጋገጠና ሁለት መፍትሔዎችን እንዳወዳደረ መናገር ይችላል። የደንበኛውን ስም፣ ትክክለኛውን አኃዝና የኮዱን ዝርዝር ግን ይተዋል። የሥራ ናሙና ከተጠየቀ የአሠሪውን ኮድ ከማሳየት ይልቅ በራሱ ጊዜና መሣሪያ የሠራውን፣ የራሱ ንብረት መሆኑንም ያረጋገጠውን ፕሮግራም ያቀርባል።

ጠያቂውም ኃላፊነት አለበት። በአሜሪካ ሕግ፣ መረጃው አለአግባብ የተገኘ የሌላ ሰው ምሥጢር መሆኑን እያወቀ የተቀበለ ኩባንያ ራሱ ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት መልመጃ መስጠት ከአደጋው ያርቃል። ከዚህም ሌላ፣ የቀድሞ አሠሪውን ምሥጢር በቀላሉ የሚያወጣ አመልካች የአዲሱንም እንደማይጠብቅ ጠያቂው ሊገምት ይችላል። «ይህን መናገር አልችልም፤ ችግሩን እንዴት እንደፈታሁት ግን ላስረዳ» የሚል መልስ ችሎታንም ታማኝነትንም ያሳያል።

ምሥጢር መጠበቅ ወንጀልን መደበቅ ማለት አይደለም። የአሜሪካው የ2016 ሕግ ሕገወጥ ድርጊትን ለመጠቆም ምሥጢሩን ለመንግሥት ባለሥልጣን ወይም ለጠበቃ በምሥጢር የሚገልጽን ሰው ከተጠያቂነት ነጻ ያደርጋል።