የቀለም ስምና የቀለም መልክ

በመስከረም ወር የጊፋታ በዓል ሲከበር ወደ ወላይታ ሶዶ የተጓዘ ሰው፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ዱንጉዛ ለብሶ የወጣውን ሕዝብ አይቶ መደነቁ አይቀርም። ዱንጉዛ የወላይታ ሸማኔዎች በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ ፈትል የሚሠሩት የክብር ልብስ ነው። ሸማኔው «ቀይ» ሲል ፈትሉ በእጁ ነው፤ ገዢውም በዓይኑ ያየዋል። ስለዚህ በስሙና በመልኩ መካከል ክርክር አይነሣም።

ይኸው ልብስ በድረ ገጽ ላይ ለሩቅ አገር ሰው እንዲታይ በተፈለገ ጊዜ ግን የቀለሙን ስም መጻፍ ብቻ የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም። ምክንያቱን ከታሪኩ እንመልከት።

በኮምፒዩተር ላይ የሚታይ ቀለም ሁሉ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ድብልቅ የሚገኝ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ መጠን ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይለካል። ቁጥር ለሰው ትዝታ ስለሚከብድ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤክስ የተባለውን የመስኮት ሥርዐት ያዘጋጁት መሐንዲሶች ለቀለማቱ ስም አወጡላቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዝርዝሩ ሲሰፋ፣ ከፊሉ ከአንድ የቀለም ኩባንያ ናሙና፣ ከፊሉም 72 የሰም እርሳስ ከያዘ የልጆች ሣጥን ተወሰደ። ስሞቹ የተገኙት በየሰው እጅ ከነበረው ነገር እንጂ ከሊቃውንት ጉባኤ አልነበረም።

በሌላ ወገን እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የድረ ገጽ ቋንቋ፣ ማለት ኤችቲኤምኤል 3.2፣ 16 ስሞችን ብቻ ደነገገ። ኔትስኬፕን የመሰሉ ብራውዘሮች ግን የኤክስን ረጅም ዝርዝር ተቀብለው ነበር። ሁለቱ ዝርዝሮች በአንዳንድ ስም አልተስማሙም። በኤክስ ዘንድ «አረንጓዴ» 255 መጠን ያለው እጅግ ብሩህ ብርሃን ሲሆን፣ በድረ ገጽ ሕግ 128 ብቻ ነው። የሰንደቅ ዓላማችንን አረንጓዴ በስሙ ብቻ የሚሥል ሰው እንግዲህ የትኛውን ማለቱ ነው?

ከዚህ የባሰው የግራጫ ነገር ነው። ተራው ግራጫ በኤክስ 190 ሲሆን በድረ ገጽ 128 ሆነ፤ «ጥቁር ግራጫ» ግን ከኤክስ እንዳለ ተወስዶ በ169 ቀረ። በዚህም ጥቁር የተባለው ግራጫ ከተራው ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል፤ እስከ ዛሬም አልታረመም። በዚህ ላይ የእንግሊዝኛው ቃል በአሜሪካና በእንግሊዝ ልማድ በአንዲት ፊደል ስለሚለያይ፣ የቀድሞዎቹ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እትሞች አንዳንዱን አጻጻፍ ሲቀበሉ ሌላውን አያውቁትም ነበር። ስሙን ያላወቀ ብራውዘር ትእዛዙን ወይ ይተወዋል ወይ በሌላ ቀለም ይተካዋል፤ ጸሐፊው ያሰበው ሌላ፣ አንባቢው የሚያየው ሌላ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2001 ኤስቪጂ የተባለው የሥዕል ሕግ 147 ስሞችን ከነቁጥራቸው ወሰነ፤ ሁለቱንም የግራጫ አጻጻፍ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የድረ ገጽ ማስጌጫ ቋንቋ የሆነው ሲኤስኤስ ይህንኑ አጸና። ብራውዘሮችም ውለው አድረው ተስማሙ። ይሁን እንጂ ዝርዝሩ በሙሉ የእንግሊዝኛ ነው። እኛ በፈረስና በበሬ፣ በሰውም መልክ የምንለያቸው ዳማ፣ ቡላ፣ ጠይም በዚያ መዝገብ ቦታ የላቸውም።

ስለዚህ፣ ክቡራን አንባብያን፣ የዱንጉዛን መልክ ለትውልድ ለማቆየት ወይም ለሩቅ ገዢ ለማሳየት የሚደክም ወጣት ሦስት ነገር ቢያደርግ ይበጀዋል። ሸማኔው የሚጠራበትን ስም ይመዝግብ፤ ከስሙ አጠገብ የቀለሙን ቁጥር ይጻፍ፤ ቁጥሩም በየመስኮቱ ጥቂት ስለሚለዋወጥ ከፈትሉ ቁራጭ ወስዶ ያስቀምጥ። ስም ያስታውሳል፤ ቁጥር ይወስናል፤ ፈትሉ ግን ለሁለቱም ምስክር ነው። ምስክሩ ከጠፋ በኋላ ስለ ቀይ መልክ የሚደረግ ክርክር ዳኛ አይገኝለትም።