ጥድ የለበሰው ቤተ መንግሥት

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር የደረሰ ሰው፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ቀና ሲል በቅድሚያ የሚያየው ጥድ ነው።

የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1805–1840 ዓ.ም.) መናገሻ የእንጨትና የሣር ሥራ ነበር። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ፣ ኮረብታውን የከበበውን ድርብርብ የእንጨት አጥር በመጽሐፉ ገልጾታል። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመለሱ የአባቶቻቸውን መናገሻ በዚሁ አጸኑ። በኋላ መንግሥቱ ወደ ልቼ፣ ወደ እንጦጦ፣ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አዲሲቱ ከተማ ማገዶ አጥታ ስትጨነቅ በባሕር ዛፍ ተረፈች፤ ሰው የራቀው የአንኮበር ኮረብታ ግን የገዛ ጥዱን መልሶ ለበሰ። አጥሩ በስብሶ አፈር ሆነ፤ ከቤተ መንግሥቱ በጉልህ የሚታየው አንድ የድንጋይ ግንብ ብቻ ነው።

በእኛ ዘመን በኮረብታው አናት የቀድሞውን ቤተ መንግሥት መልክ የተከተለ ሎጅ ተሠርቷል። የወደመውን በአዲስ እንጨት መልሶ ማቆም ለእኔ ነውር የለውም፤ የጥንቱም ቤት ቢሆን በየጊዜው ይታደስ ነበርና። ጥዱም ይቁም፤ ከፍርስራሹ እኩል ታሪክ ነው። በግንቡ ስንጥቅ ሥር የሚሰድደው ቁጥቋጦ ግን ሳይጠነክር ይነቀል። የፈረሰ ቤት ድንጋይ ለእርከንና ለግቢ አጥር ማዋል የባላገር ብልኀት ነው፣ አልነቅፈውም። ከዚህ ግንብ የወደቀ ድንጋይ ግን ተመልሶ የሚገባው ከወደቀበት ረድፍ ነው።