ከኮተሪው ጋር የመጣው ጭስ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ መጽሐፍ ላይ ብዙም ስለማይጻፍ አንድ ታሪክ ላውጋችሁ፤ የኦፕሬሽን ክፍል ጭስ ታሪክ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደምን በእሳት ማቆም የቆየ ጥበብ ነው። በጋለ ብረት ቁስል መተኮስን ከጥንት ጀምሮ ብዙ ሕዝቦች ያውቁታል፣ እኛም አገር አለ። ይህን ጥበብ ወደ ዘመናዊው ቀዶ ሕክምና ያስገባው ግን ኤሌክትሪክ ነው። ሃርቪ ኩሺንግ የተባሉ ስመ ጥር የአንጎል ቀዶ ሐኪም ቦስተን ውስጥ የአንድን በሽተኛ የጭንቅላት ዕጢ ለማውጣት ጀምረው፣ ደሙ አልቆም ስላላቸው ትተውት ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1926፣ ዊልያም ቦቪ የሠሩትን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይዘው ተመለሱ። ዕጢው ወጣ።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው ዓለምን አዳረሰ። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ «ቦቪ» ይሉታል፤ እኛ ጋ ኮተሪ የሚባለው ማለት ነው። ቦቪ ራሳቸው የፈጠራ መብታቸውን የሸጡት በ1 ዶላር ነበር። ስንት ሰው በደም መፍሰስ ከመሞት እንደዳነበት ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም።

ግን መሣሪያው ሥጋ በነካ ቁጥር ይጨሳል። ሙቀቱ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላዋል፣ ሕዋሱ ይፈነዳል፣ የተቃጠለው ነገር ወደ አየር ይወጣል። ጭሱ ውስጥ ቤንዚን፣ ፎርማልዲሃይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይገኛሉ። (ይህ ቤንዚን መኪና ላይ የምንሞላው ሳይሆን ካንሰር አምጪ የሆነው ኬሚካል ነው።) ብናኙ ደግሞ በአማካይ 0.07 ማይክሮን ነው፤ ሳንባ ጥግ ድረስ ይገባል። «ማስክ አድርገዋል አይደል?» ትሉ ይሆናል። የተለመደው የቀዶ ሕክምና ማስክ እኮ በዋናነት የተሠራው የሐኪሙ ምራቅ ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ ነው። በሽተኛውን ይጠብቃል፤ የለበሰውን ሰው ከእንዲህ ያለ ደቃቅ ጭስ አያስጥለውም።

ታዲያ ለምን ለብዙ ዓመታት ማንም አልጠየቀም? አንዱ ምክንያት እኛም የምናውቀው ይመስለኛል። «እሳት ካየው ምን ለየው» እንላለን አይደል? የተቃጠለ ነገር ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ይህን ግምት ያናጉት ምርምሮች አንድ በአንድ መጡ።

በ1981 የጃፓን ተመራማሪዎች የአንድ ግራም ሥጋ የኮተሪ ጭስ የሕዋስን ዘር የመለወጥ አቅሙ ከ6 ሲጋራ ጋር እንደሚመጣጠን አሳዩ፤ በሌዘር ሲሆን ከ3 ሲጋራ ጋር። በ1988 ኪንታሮት በሌዘር ሲቃጠል በሚወጣው ጭስ ውስጥ የኪንታሮቱ ቫይረስ ዲኤንኤ ተገኘ። በ1991 ደግሞ ከኖርዌይ አንድ ሪፖርት ወጣ፦ የበሽተኞችን ኪንታሮት በሌዘር ሲያክም የኖረ የ44 ዓመት ሐኪም ማንቁርቱ ላይ ኪንታሮት በቀለበት፤ ቫይረሱም ያው በሽተኞቹ የሚይዙት ዓይነት ነበር። እሳት አይቶት እንኳ ለየው ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ የኦፕሬሽን ክፍል ነርሶች ከሌሎች ነርሶች ይልቅ በሳንባ ካንሰር ይያዛሉ የሚል ማስረጃ አልተገኘም። የዓይንና የጉሮሮ መቆጥቆጥ፣ ሳልና ራስ ምታት ግን በየቀኑ ያለ ነው። ለመጠንቀቅ ደግሞ ሰው እስኪሞት መጠበቅ አያስፈልግም።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። በ1996 የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በግልጽ ጻፈው፦ ጭስ መምጠጫ ተጠቀሙ፣ አፉን ከሚቃጠለው ቦታ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ አስጠጉ፣ ማጣሪያውን በጊዜው ቀይሩ። የግድግዳው የደም መምጠጫ የሚበቃው ለጥቂት ጭስ ብቻ ነው፤ እሱም ማጣሪያ ተገጥሞለት። ይህ ግን ምክር እንጂ ሕግ አልነበረም። በአሜሪካ ጭሱ እንዲመጠጥ የሚያስገድድ የመጀመሪያው የክፍለ ግዛት ሕግ የወጣው በ2018 በሮድ አይላንድ ነው። ከምክሩ እስከ ሕጉ 22 ዓመት፣ ከቦስተኑ ቀን ሲቆጠር 92 ዓመት! ሕጉ እንዲወጣ ከገፉት ዋነኞቹ የኦፕሬሽን ክፍል ነርሶች ነበሩ።

ይህ አይገርመኝም። ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል፤ ነርሷና ሰመመን ሰጪው ግን ቀጣዩን በሽተኛ እዚያው ክፍል ይቀበላሉ። ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼን ሁሌ የምለው አለ፦ አንድ ፈጠራ ሲነገራችሁ «ማንን ጠቀመ?» ብላችሁ አትቁሙ፣ «ዋጋውን ማን ከፈለ?» ብላችሁም ጠይቁ።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ መካከል ነርስ፣ ሰመመን ሰጪና ሐኪም የሆናችሁ ብዙ ናችሁ፤ አገር ቤትም ውጭም። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ክፍል ጭሱ የት ነው የሚሄደው? መምጠጫው ካለ ይከፈታል ወይስ ጥግ ቆሟል? ከሌለስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አብረን እንማር።

ሰላም ዋሉልኝ።