ከቀይ በፊት ቢጫ አለ

ኳስ የምናይ ሰዎች አንድ የጋራ በሽታ አለብን፡፡ ተጫዋች ቀይ ካርድ ሲያይ ገና ከሜዳው ሳይወጣ ፍርዳችንን ሰጥተን ጨርሰናል፡፡ «ባለጌ ነው!»፣ «ጭንቅላት የለውም!»፣ «ድሮም ዲሲፕሊን አያውቅም!» እያልን የሰውየውን አስተዳደግ ሳይቀር እንመረምራለን፡፡ (ይህን ሁሉ የምንለው እኛው ራሳችን ወንበር ላይ ቆመን እየጮህን መሆኑ ልብ ይባልልን!)

ዛሬ ግን ፍርዱን ትንሽ እናቆየውና ታሪክ እናገላብጥ፡፡ የቢጫና የቀይ ካርድን አመጣጥ፣ ከዚያም የራሳችንን የ2005 ዓ.ም. ዋልያዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፡፡ ሜዳ ላይ የምናየው መረጋጋት በአብዛኛው በተጫዋቹ ዙሪያ ያሉ ሰዎች የሚሠሩት ሥራ ውጤት ነው፡፡ አምበሉ፣ ጓደኞቹ፣ አሰልጣኙ፣ መዝገብ የሚይዘው ሰውዬ ሳይቀር አሉበት፡፡

ካርድ ያልነበረበት ዘመን

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1962 ነው፡፡ የዓለም ዋንጫ አስተናጋጇ ቺሊ ከጣሊያን ጋር ሳንቲያጎ ላይ ተገናኘች፡፡ ነገሩ የተበላሸው ገና ጨዋታው ሳይጀመር ነበር፡፡ ሁለት የጣሊያን ጋዜጠኞች ስለ ከተማዋ የጻፉት የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ ቺሊ ደርሶ ሕዝቡን አስቆጥቶታል፡፡ የብዕር ጣጣ ሜዳ ድረስ ይዘልቃል ማለት ነው፡፡

እንግሊዛዊው ዳኛ ኬን አስተን ጨዋታውን ካስጀመረ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጣሊያናዊውን ጆርጂዮ ፌሪኒን አባረረው፡፡ ፌሪኒ ግን አልወጣም አለ፡፡ በመጨረሻ ያስወጡት ፖሊሶች ናቸው፡፡ የቺሊው ሊዮኔል ሳንቼዝ ቡጢ ሰንዝሮ ሳይባረር ሲቀር፣ እሱን በእግሩ የመታው ማሪዮ ዳቪድ ደግሞ ተባረረ፡፡ ዘጠኝ ሰው የቀራት ጣሊያን 2 ለ 0 ተሸነፈች፡፡ ውጤቱን ብዙ ሰው ረስቶታል፡፡ «የሳንቲያጎ ጦርነት» የሚለው ስም ግን እስከ ዛሬ አለ፡፡

ከ4 ዓመት በኋላ ለንደን፣ ዌምብሌይ እንሂድ፡፡ ጁላይ 23 ቀን 1966 የሩብ ፍጻሜ ጨዋታ፣ እንግሊዝና አርጀንቲና፡፡ ምዕራብ ጀርመናዊው ዳኛ ሩዶልፍ ክራይትላይን የአርጀንቲናውን አምበል አንቶኒዮ ራቲንን ከሜዳ አስወጣው፡፡ ዳኛው ስፓኒሽ አይችልም፤ አምበሉም ጀርመንኛ አይችልም፡፡ ራቲን የአምበልነት ምልክቱን እያሳየ አስተርጓሚ ይምጣልኝ ይላል፤ ዳኛው ውጣ ይላል፡፡ ጨዋታው ለደቂቃዎች ቆመ፡፡ ራቲንን ለማግባባት ከገቡት አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው የሳንቲያጎው ኬን አስተን! በዚያ ውድድር የዳኞች ኃላፊ ሆኖ ነበር፡፡

የዚያ ጨዋታ ጉድ ግን በዚህ አላበቃም፡፡ በማግስቱ ጋዜጦች ቦቢ ቻርልተንና ወንድሙ ጃክ ቻርልተን በዳኛው መዝገብ ላይ እንደሰፈሩ ጻፉ፡፡ ተጫዋቾቹ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጣቸው አላወቁም ነበር፡፡ አሰልጣኙ አልፍ ራምሴም ነገሩን ፊፋን መጠየቅ ግድ ሆነባቸው፡፡ እስቲ አስቡት! የተቀጣው ሰው ራሱ መቀጣቱን ካላወቀ እንዴት ሊጠነቀቅ ይችላል?

አስተን ይህን እያሰላሰለ መኪናውን ሲነዳ የትራፊክ መብራት አስቆመው ይባላል፡፡ ቢጫ «ቀስ በል»፣ ቀይ «ቁም»፡፡ መፍትሔው ከዚያ መጣ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ላይ ካርዶቹ ሥራ ጀመሩ፡፡ የሚገርመው በዚያ ውድድር አንድም ቀይ ካርድ አልወጣም፡፡ በዓለም ዋንጫ ታሪክ የመጀመሪያው ቀይ የታየው በ1974 ሲሆን፣ ያየው ደግሞ የቺሊው ካርሎስ ካዜሊ ነው፡፡

ቢጫው ለቡድኑ ነው

ቢጫ ካርድ ለአንድ ተጫዋች ይውጣ እንጂ መልእክቱ ለአሥራ አንዱም፣ ለተቀያሪ ወንበሩም ነው፡፡ ቢጫ ያየ ተከላካይ ከዚያ በኋላ እንደ ልቡ ተንሸራቶ ኳስ መንጠቅ አይችልም፡፡ ስለዚህ ጎኑ ያለው ጓደኛው ጠጋ ብሎ ሊሸፍንለት ይገባል፡፡ አምበሉ ከተጋጣሚው ጋር ሲነታረክ ካየው መሃል ገብቶ ይገፈትረዋል (የራሱን ሰው ማለታችን ነው)፡፡ አሰልጣኙ ደግሞ ሰውየው ዓይኑ መቅላቱን ካየ ከእረፍት በኋላ ይቀይረዋል፡፡ እነዚህን የሠራ ቡድን «የተረጋጋ» ይባላል፡፡ ያልሠራው ደግሞ አንዱን ልጅ «ዲሲፕሊን የለውም» ብሎ ይገላገላል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ የዳኛውን ውሳኔ ለመጠየቅ ወደ እሱ መቅረብ የሚችለው አምበሉ ብቻ ነው፣ ሌላው ከቀረበ ቢጫ ያያል የሚል አሠራር ተግባራዊ ሆኗል፡፡ ራቲን አስተርጓሚ ፍለጋ ከተባረረ 58 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፡፡

ታዲያ አምበሉ ራሱ ሲቆጣስ? የበርሊኑን ምሽት የረሳ የለም፡፡ ጁላይ 9 ቀን 2006፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ 110ኛው ደቂቃ፡፡ ዚነዲን ዚዳን በመጨረሻ ጨዋታው ማርኮ ማቴራዚን ደረቱን በጭንቅላቱ መትቶ በቀይ ወጣ፡፡ ፈረንሳይ በመለያ ምት 5 ለ 3 ተሸነፈች፡፡ ስለ ዚዳን ጠባይ ብዙ ተብሏል፡፡ እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፡፡ ሁሉን የሚያረጋጋው ሰው ሲናደድ የሚያረጋጋው ማን ነበር? መረጋጋቱን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የጣለ ቡድን ያ ሰው የወደቀ ዕለት አብሮ ይወድቃል፡፡

ጥር 13

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፡፡ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ተጋጣሚዋ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክ (ግብጽ) ሁለት ጊዜ መርታ ነበር፡፡ የመጀመሪያውን ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፡፡ ግብጾች ወዲያው በደቂቃ ልዩነት ደግመው አገቡ፡፡ እዚህ ላይ ነው ቡድን የሚፈርሰው፡፡ ነገር ግን ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ፤ በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨምረው 4 ለ 2 አለቀ፡፡ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ መመለስ እግር ብቻ ሳይሆን ቀልብም ይጠይቃል፡፡

ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዚያችው በጥር 13፣ 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ፡፡ ቦታው ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት፤ ተጋጣሚዋ የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ፡፡ ሳላዲን ሰዒድ ፍፁም ቅጣት ምት አመለጠው፡፡ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ፡፡ ከተመልካቹ መካከል ተናዶ ዕቃ ወደ ሜዳ የወረወረ ነበር፡፡ እረፍት ሊወጡ ሲሉ ዛምቢያ አገባች፡፡

ከዚህ በላይ ሰበብ ከየት ይመጣል? ሜዳው ውስጥ ያሉት አሥር ልጆች ግን የተመልካቹን ንዴት አልተጋሩም፡፡ ኳሱን ይዘው መጫወታቸውን ቀጠሉ፤ አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ 1 ለ 1 አለቀ፡፡

ለእውነት ለመናገር ከ4 ቀን በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፡፡ ቡርኪና ፋሶ 1 ለ 0 እየመራች ግብ ጠባቂዋ በቀይ ወጣባት፡፡ በአሥር ሰው ቀርታ ሦስት ጨመረችና 4 ለ 0 ረታችን፡፡ ሰው መጉደል ያልጎዳቸው እነሱም ነበሩ፡፡ ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ መጨረሻ ላይ ሁለት ፍፁም ቅጣት ምቶች ተሰጡብን፡፡ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በሁለተኛ ቢጫ ወጣ፡፡ ቅያሪው አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ህንፃ ጓንት አጥልቆ በረኛ ሆነ፡፡ 2 ለ 0፡፡

ያልተቆጠረችው ቢጫ

በዚሁ ዓመት ያው ቡድን ለ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ ማጣሪያም እየተጫወተ ነበር፡፡ ምንያህል ተሾመ ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ጋር ስንጫወት ቢጫ አየ፡፡ መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቦትስዋና ጋር ሁለተኛውን አየ፡፡ በማጣሪያው ደንብ ሁለት ቢጫ ማለት አንድ ጨዋታ ቅጣት ነው፡፡ በሁለቱ ቢጫዎች መካከል ወደ አሥር ወር የሚጠጋ ጊዜ አለ፤ መሃል ላይ የራሱ የካርድ ቆጠራ ያለው የአፍሪካ ዋንጫ ገብቷል፡፡ ማስታወሻ ካልተያዘ በቀር ማን ያስታውሰዋል?

አልተያዘም፡፡ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋና ላይ ምንያህል ተሰለፈ፤ 2 ለ 1 አሸነፍን፡፡ ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካንም 2 ለ 1 ረታን፡፡ 13 ነጥብ ያዝን፤ ተከታያችን 8፣ የቀረው አንድ ጨዋታ፡፡ ምድቡን አሸነፍን ተብሎ ጭፈራው ቀለጠ፡፡ በዚያው ዕለት ፊፋ ያልተገባ ተጫዋች አሰልፋችኋል በሚል ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ፡፡ ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፡፡ የቦትስዋናው ድል ወደ 3 ለ 0 ሽንፈት ተቀየረ፤ 13ቱ ነጥብ 10 ሆነ፡፡

እዚህ ላይ የቻርልተን ወንድማማቾችን አስታውሱ፡፡ በ1966 ችግሩ ማስጠንቀቂያው አለመታየቱ ነበር፤ ለዚያ መድኃኒት ካርድ ተፈጠረ፡፡ በ2005 ዓ.ም. ካርዱን ስታዲየም ሙሉ ሰው አይቶታል፤ የቆጠረው ግን አልነበረም፡፡ ካርድ ማየትን እንጂ ማስታወስን አይፈታም፡፡ ማስታወስ የቢሮ ሥራ ነው፡፡ እኛ ብቻም አልነበርንም፤ በዚያው ሰሞን በተመሳሳይ ጉዳይ ቶጎና ኢኳቶሪያል ጊኒም ተመርምረዋል፡፡ ኬፕ ቨርዴ ደግሞ ቱኒዝያን በሜዳዋ 2 ለ 0 አሸንፋ፣ ቅጣቱን ያልጨረሰ ተጫዋች በማሰለፏ ማለፏ ተሰረዘ፡፡

የሰውነት ቢሻው ልጆች ምን አደረጉ? ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው የተቀሙትን ምድብ እንደገና አሸነፉት፡፡ ሦስት ነጥብ በሰው ስህተት ተነጥቆባቸው፣ ንዴታቸውን ውጠው፣ ሥራቸውን ደግመው ሠሩ፡፡ በኋላ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋን ብራዚል ቀረ፡፡ የቀረው ግን በሜዳ ነው፡፡

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶች፡፡ ዲሲፕሊን የሚለውን ቃል ሁልጊዜ የምንወረውረው ቁምጣ ለለበሰው ልጅ ነው፡፡ የዚያ ዓመት ታሪክ ግን ልጆቹ በአሥር ሰው ቀልባቸውን ሲይዙ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱት አንዲት ቢጫ መቁጠር እንዳቃታቸው ይነግረናል፡፡ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ተጫዋች ሲሳሳት አስተዳደጉን ከመመርመራችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፡- አምበሉ የት ነበር? አሰልጣኙ ለምን አልቀየረውም? ደብተሩን የሚይዘውስ ማን ነው?

ቸር እንሰንብት!